ሰው እየረዳኝ ክብሬን ጠብቄ መኖር እችላለሁ? ለአንድ የፓርኪንሰን ታማሚ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 63 ነው። የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለብኝ ከተነገረኝ 9 ዓመት ሆኖኛል። ሥራ እስካቆምኩበት ጊዜ ድረስ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ፤ ሰው እኔን ያማክር ነበር እንጂ እኔ ሰው አላስቸግርም ነበር። አሁን እጄ እየተንቀጠቀጠ ምግብ ይደፋብኛል፤ ድምፄ አይሰማም፤ ሰው በተሰበሰበበትም ሁለት ጊዜ ሽንቴ አምልጦኛል። ከዚያ ወዲህ ከቤት የምወጣ ከሆነ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አልቀምስም፤ ሰው ፊት መብላትም ትቻለሁ። ገላዬን የምታጥበኝ ሴት ልጄ ናት። ሐኪሙ እንኳ እኔ ፊቱ ተቀምጬ የሚያነጋግረው እሷን ነው። የሰውን እርዳታ እምቢ ብዬ እንደ ምንም በራሴ ብኖር ይሻለኛል ወይስ ክብሬ እንደቀረ ተቀብዬ መኖር አለብኝ?»

ምላሽ፦ ያቀረቧቸው ሁለቱም አማራጮች አይበጁዎትም። እርዳታን ሁሉ እምቢ ማለት ለመውደቅና ለስብራት ይዳርግዎታል፤ ክብሬ ቀርቷል ብሎ መቀመጥ ደግሞ ሊታከም የሚችለውን ችግር ሳይታከም ያስቀረዋል። ሁለቱም የሚመነጩት ክብር ማለት ሁሉን በራስ እጅ መሥራት ነው ከሚል እምነት ነው። ይህ እምነት ሰው ጤነኛ ሳለ አይጎዳም፤ እንዲያውም ታታሪ ያደርገዋል። ከጽኑ ሕመም ጋር ሲኖሩ ግን አንድ ነገር ባቃተ ቁጥር ሰውን ከራሱ ዓይን እያወረደው ይሄዳል። በማስታገሻ ሕክምና፣ ማለትም የጽኑ ሕሙማንን ስቃይ በማቅለል ሥራዬ፣ ልብሱን ሌላ ሰው እያለበሰው ክብሩ ያልተነካበት ታማሚ አያለሁ፤ ራሱን ችሎ እየተንቀሳቀሰ የተዋረደ ሆኖ የሚሰማውም አያለሁ። ልዩነቱ ያለው ስለ ታማሚው ሰውነትና ስለ ውሎው የሚወስነው ማን ነው፣ የሚረዳውስ ሰው በምን ዓይን ያየዋል በሚለው ላይ ነው።

ይህን የምለው ለማጽናናት ብቻ አይደለም። ካናዳዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሃርቪ ቾቺኖቭና ባልደረቦቹ በ2002 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ በሕይወታቸው መጨረሻ ላይ ከነበሩ 213 የካንሰር ታማሚዎች መካከል ክብራቸውን ማጣታቸው እጅግ እንደሚያሳስባቸው የተናገሩት 16 ብቻ ነበሩ። ያን ያህል የታመሙ ሰዎች አብዛኞቹ ክብራችን አለ ማለታቸው፣ ሕመም በራሱ ክብርን ይወስዳል የሚለውን አስተሳሰብ ያፈርሰዋል። ይኸው ቡድን ቆየት ብሎ እንዳሳየው፣ አንድ ታማሚ ስለ ክብሩ ከሚሰማው ስሜት ጋር አጥብቆ የተያያዘው በሌሎች ዓይን እንዴት እንደሚታይ ያለው ግምት ነው። የተጠኑት በሞት አፋፍ ላይ የነበሩ የካንሰር ታማሚዎች ስለሆኑ ቁጥሩን እንዳለ ወደ ፓርኪንሰን ማዛወር አይገባም። የእርስዎን ደብዳቤ ሳነብ ግን ውኃ መጠጣት የተዉት፣ ማዕድ የሸሹት፣ በሐኪሙ የተከፉት ሁሉ ከዚሁ፣ ከሰው ዓይን ጋር የተያያዘ መሆኑን አያለሁ።

የሽንቱን ጉዳይ አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱም ከጻፉት ሁሉ አኗኗርዎን የለወጠው እሱ ነው። የፓርኪንሰን ሕመም የሚታወቀው በመንቀጥቀጥ ይሁን እንጂ የሽንት ፊኛን የሚያዙ ነርቮችንም ይነካል። ፊኛው ሳይሞላ በፊት ይኮማተራል፣ ስሜቱ በድንገትና በኃይል ይመጣል፣ እግር ደግሞ ቀርፋፋ ነው፣ ጣትም ቁልፍ ለመፍታት ይዘገያል፤ በዚህ መካከል ሽንቱ ያመልጣል። ስለዚህ የደረሰብዎት የሕመሙ አንድ ምልክት ሳይሆን አይቀርም፤ እንደ መንቀጥቀጡ ለሐኪም ሊነገርና ሊታከም ይገባዋል። አብዛኛው ታማሚ ግን በይሉኝታ አይናገረውም፤ ሐኪሙም ጊዜ አጥሮት አይጠይቅም።

ውሃ መተውዎ ችግሩን እያባሰው ነው። የተከማቸና የወፈረ ሽንት ፊኛን ይቆጠቁጣል፤ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም መንገድ ይከፍታል። ፓርኪንሰን አስቀድሞም የሚያመጣው የሆድ ድርቀት በውሃ እጦት ይጠናል፤ የሞላ አንጀትም ፊኛን ስለሚጫን ሽንቱ ይበልጥ ያጣድፋል። ከሁሉ የሚያሰጋኝ ደግሞ ከተቀመጡበት ሲነሱ የደም ግፊትዎ በድንገት ሊወርድ መቻሉ ነው። ይህ በፓርኪንሰን ታማሚዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ሰውነት ውሃ ሲያጣ ይብሳል፤ ውጤቱም ማዞርና መውደቅ ነው። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮብዎ ሐኪም ፈሳሽ እንዲቀንሱ ካላዘዘዎ በስተቀር፣ ውሃውን በቀኑ ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ከፋፍለው ይጠጡ፤ መቀነስ ያለብዎት ከመኝታ በፊት ባሉት ጥቂት ሰዓታት ነው።

ወደ ሐኪም ከመሄድዎ በፊት ለሦስት ቀን ያህል መቼ ምን ያህል እንደጠጡ፣ መቼ እንደሸኑና መቼ እንዳመለጠዎት በወረቀት ይመዝግቡ። ሒሳብ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ይህ አይከብድዎትም፤ ለሐኪሙም ከረዥም ማብራሪያ ይልቅ ይጠቅመዋል። የሽንት ምርመራ ይደረግልዎ፤ በእርስዎ ዕድሜ ያለ ወንድ ደግሞ ችግሩ ከፕሮስቴት ዕጢ ማደግ ሊመጣ ስለሚችል እሱም ይታይ። ስሜቱ እስኪመጣ ሳይጠብቁ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ወደ መጸዳጃ መሄድ ብዙ ሰው ይረዳል። ቁልፍና ዚፕ ያለውን ሱሪ በላስቲክ ወገብ መቀየር ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በመድረስና ባለመድረስ መካከል ያለውን አንድ ደቂቃ የሚያተርፍልዎ እሱ ነው። መድኃኒቶችም አሉ፤ ሆኖም ፊኛን ለማረጋጋት ከሚታዘዙት አንዳንዶቹ በተለይ የቆዩት ዓይነቶች የማስታወስ ችሎታን ሊያደበዝዙና ሊያደናግሩ ስለሚችሉ፣ ሐኪሙ ሲያዝልዎ ይህንኑ በግልጽ ይጠይቁት። ከውስጥ ልብስ ጋር የሚለበስ ሽንት መምጠጫ ለብሰው መውጣት ወይም አለመውጣት የእርስዎ ምርጫ ነው፤ እኔ ግን ለብሶ የወጣ ሰው ሳይለብስ ቤት ከቀረ ሰው የበለጠ ነፃነት አለው እላለሁ።

የምግቡ ነገር ከመድኃኒቱ ሰዓት ጋር የተያያዘ ነው። ዋናውን የፓርኪንሰን መድኃኒት ሌቮዶፓን የሚወስዱ ከሆነ እጅዎ የሚታዘዝልዎና የማይታዘዝልዎ ሰዓት እንዳለ ሳያስተውሉ አይቀሩም። ክኒኑ ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ ሲወሰድ ብዙ ጊዜ በተሻለ ይሠራል፤ በአንዳንድ ታማሚዎች ዘንድ ደግሞ እንደ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ያሉ ብዙ ፕሮቲን ያላቸው ምግቦች መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚሻሙት ውጤቱን ያደክሙታል። ሰዓቱን ከሐኪምዎ ጋር ሆነው ያስተካክሉ፤ ሰው የሚጋብዙበትንም ጊዜ እጅዎ በሚታዘዝልዎ ሰዓት ያድርጉት። እጀታው ወፈር ያለና ክብደት ያለው ማንኪያ፣ ጠርዙ ከፍ ያለና የማይንሸራተት ሳህን፣ ክዳን ያለው ወይም እስከ ግማሹ ብቻ የተቀዳ ኩባያ መንቀጥቀጡን ባያጠፉትም የሚደፋውን ይቀንሱታል። ሲበሉ ወይም ሲጠጡ የሚያስልዎ፣ ትን የሚልዎ ወይም ድምፅዎ እርጥብ የሚመስል ከሆነ ግን ይህ የኃፍረት ጉዳይ መሆኑ ያበቃል፤ ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል የመዋጥ ምርመራ ሳይዘገይ ያስፈልግዎታል።

ሐኪሙ ልጅዎን የሚያነጋግረው ለምን ይመስልዎታል? ንቆዎት ሊሆን ይችላል፤ ንቀት የለም አልልም። ከዚያ ይልቅ የሚያጋጥመው ግን ፓርኪንሰን የፊት ጡንቻዎችን እንቅስቃሴ ስለሚቀንስ ፊትዎ የሚሰማዎትን አለማሳየቱ ነው። በልብዎ እየሳቁ ፊትዎ ዝም ይላል፤ እያዳመጡ ያላዳመጡ ይመስላሉ፤ መልሱን አዘጋጅተው ሳይናገሩ ሌላው ቀድሞ ይመልሳል። የማያውቅ ሰው ይህን ግድ የለሽነት ወይም አለመረዳት አድርጎ ይተረጉመዋል። ሕመሙ ሲቆይ ማሰብን ራሱን የሚነካበት ጊዜ አለ፤ ይህን አልሸሽግዎትም፤ እንዲህ አድርገው አጥርተው የጻፉ ሰው ግን ዛሬ ስለ ራስዎ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ገና እንደገቡ «ፊቴ ባያሳይም ሁሉን እሰማለሁ፤ ለመመለስ ጊዜ ስጡኝ፤ ጥያቄውን ለእኔ አቅርቡልኝ» ይበሉ። ድምፅዎ ካልደረሰ በትልልቅ ፊደል ጽፈው ጠረጴዛው ላይ ያኑሩት። ከልጅዎ ጋርም አስቀድመው ይስማሙ፤ ሐኪሙ ወደ እሷ ሲዞር እሷ ዓይኗን ወደ እርስዎ ትመልስ፤ አትመልስለት። ሐኪሙ ይህን እያየ በዚያው የሚቀጥል ከሆነ ሌላ ሐኪም መፈለግ ተገቢ ነው። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ2017 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው የጄኔቫ ቃለ መሐላ የታማሚን ክብርና ራሱን የመምራት መብት ማክበር የሐኪም ግዴታ ሆኖ ተጽፏልና ውለታ እየጠየቁ አይምሰልዎ።

ለድምፅዎም የንግግር ሕክምና አለ። የፓርኪንሰን ታማሚ ለራሱ ጮክ ብሎ የተናገረ እየመሰለው ለሌላው የሚደርሰው ሹክሹክታ ነው፤ ባለሙያው የሚያሠለጥነው ይህንን ልኬት ማስተካከል ነው፤ ቀደም ተብሎ ሲጀመርና በየቀኑ ሲለማመዱት ይጠቅማል።

አሁን ብርቱ ጥንቃቄ ወደሚፈልገው ነገር እመጣለሁ። «ክብሬ ቀርቷል» የሚለው ስሜት አንዳንድ ጊዜ የራሱ የድባቴ ድምፅ ነው። ድባቴ በፓርኪንሰን ታማሚዎች ዘንድ እጅግ የተለመደ ሲሆን፣ ሰው ስለ ሕመሙ በማዘኑ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ሕመሙ በአንጎል ኬሚካሎች ላይ የሚያደርሰው ለውጥም ያመጣዋል። ከሁለት ሳምንት በላይ አብዛኛውን ቀን ከፍቶዎት ከሆነ፣ ቀድሞ ደስ ያሰኝዎት የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕሙ ከጠፋ፣ ለሌላው ሸክም ብቻ እንደሆኑ ሌት ተቀን የሚያሳስብዎ ከሆነ ይህንን ለሐኪምዎ በስሙ ጠርተው ይንገሩት። በመድኃኒትም በንግግር ሕክምናም የሚታከም ነው። ብሞት ይሻላል የሚል ሐሳብ እየመጣብዎ ከሆነ፣ ይልቁንም ራስዎን ስለመጉዳት እያሰቡ ከሆነ፣ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ለሚያምኑት ሰው ተናግረው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ስለ ሕይወትዎ ትልልቅ ውሳኔ መወሰን የሚገባው ድባቴው ከታከመ በኋላ ነው።

የገላ መታጠቡ ጉዳይ ከሁሉ የከበደዎት ይመስለኛል፤ በደብዳቤዎ ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው የሰጡት። አባት ልጁ ፊት ገመናው ሲገለጥ የሚሰማውን ስሜት «መልመድ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ልጅዎም ምናልባት ሳትናገር የምትሸከመው ነገር ይኖራል። በመጀመሪያ ምን ያህሉን በራስዎ ማድረግ እንደሚችሉ ይታይ። ውሃ ውስጥ የማይንሸራተት መቀመጫ፣ ግድግዳ ላይ በብሎን የታሰረ መያዣ፣ በእጅ የሚያዝ የሻወር ጭንቅላት፣ ረዥም እጀታ ያለው ስፖንጅ ሲኖር ብዙ ታማሚ ተቀምጦ አብዛኛውን ሰውነቱን ራሱ ያጥባል፤ የሚቀረው ጀርባና እግር ብቻ ይሆናል። መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት ይታጠቡ፤ በሩ ከውስጥ አይቆለፍ፤ ሰው በጥሪ ርቀት ይሁን። ብቻዎን ቆመው ለመታጠብ መሞከር ግን የማልስማማበት ነገር ነው፤ የዳሌ ስብራት ዛሬ ያለዎትን ነፃነት በአንድ ቀን ሊወስድብዎ ይችላል።

የሰው እጅ በሚያስፈልግበትም ጊዜ አስተጣጠቡ ራሱ ሥርዓት ይኑረው። የሚያጥበው ሰው አንኳኩቶ ይግባ፤ ከመንካቱ በፊት ምን ሊያደርግ እንደሆነ ይንገርዎ፤ ትልቅ ፎጣ ጭንዎ ላይ ይሁንና የሚታጠበው ክፍል ብቻ ይገለጥ፤ የተሸፈነውን ክፍል ሳሙና የነካ ጨርቅ ተቀብለው ከፎጣው ሥር ራስዎ ይጠቡት። ፊትዎን ሁልጊዜ እርስዎ ይታጠቡ፤ ጊዜ ቢወስድም ማንም አይንጠቅዎ። በላይዎ ላይ ሌላ ወሬ አይወራ፤ ስልክም አይነሳ። ልጅዎ ይህን ሥራ ባትሠራው የሚመርጡ ከሆነ ደግሞ ይናገሩ፤ ወንድ ዘመድ፣ ባለቤትዎ ወይም የሠለጠነ አስታማሚ ለዚህ ብቻ መምጣት ይችላል። ብዙ ቤተሰብ ላይ ያየሁት፣ የማያውቁት ባለሙያ ሲያጥባቸው የሚቀልላቸው ታማሚዎች መኖራቸውን ነው፤ ልጅ እንደገና ልጅ ሆና አጠገባቸው ትቀመጣለችና።

ሸክም ሆኛለሁ የሚለውን ሐሳብ ብቻዎን አያመንዥኩት። ልጅዎን ቁጭ አድርገው «ከምታደርጊልኝ ነገር የሚከብድሽ የትኛው ነው? የማይከብድሽስ?» ብለው ይጠይቋት። መልሷ ከገመቱት የተለየ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ አስታማሚ የሚማረረው በሥራው ሳይሆን ታማሚው በመዝጋቱ፣ ውሃ እምቢ በማለቱና ተደብቆ ሲነሳ በመውደቁ ነው። ከባዱን ነገር ለይታ ከነገረችዎ ያንን ለሌላ ሰው ማዛወር ይቻላል። እርስዎም የሚሰጡት ነገር ይኑር፤ የቤቱን ወጪና ሒሳብ የሚይዘው ማን ነው? እጅዎ ባይጽፍ እንኳ እርስዎ እያሰሉ ሌላው ይጻፍ።

ቾቺኖቭ ሐኪሞች ለእያንዳንዱ ታማሚ እንዲያቀርቡት የሚመክሩት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በደንብ እንድንንከባከብዎ ስለ እርስዎ ማንነት ምን ማወቅ ይገባናል የሚል ነው። ሳይጠየቁ መልሱን በአንድ ገጽ ያጽፉ፤ ምን ሲሠሩ እንደኖሩ፣ በምን ስም መጠራት እንደሚወዱ፣ ምን እንደሚያስቆጣዎ፣ መድኃኒትዎን በየስንት ሰዓቱ እንደሚወስዱ። ሆስፒታል በተኙ ጊዜ ይህ ገጽ ከፋይልዎ ፊት ይሁን። የቾቺኖቭ ቡድን ታማሚዎች የሕይወታቸውን ታሪክና ለቤተሰብ የሚተዉትን ቃል በቃለ መጠይቅ የሚያስቀምጡበት የክብር ሕክምና የተባለ ዘዴም አዘጋጅቷል። ይህን ዘዴ የፈተነውና በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመው ንጽጽራዊ ጥናት በጭንቀትና በድባቴ መለኪያዎች ላይ ከሌሎቹ እንክብካቤዎች ጉልህ ልዩነት አላሳየም፤ ታማሚዎቹ ግን ጠቅሞናል፣ የክብር ስሜታችንን ከፍ አድርጎልናል ብለዋል። ስለዚህ ባለሙያ ካገኙ ይሞክሩት፤ የድባቴ ሕክምናን ይተካል ብለው ግን አይጠብቁ።

የማስታገሻ ሕክምና ሲባል የሞት ዋዜማ ሕክምና የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግን ይህ እንክብካቤ ሕመሙ ገና ሲታወቅ ጀምሮ ከመደበኛው ሕክምና ጋር ጎን ለጎን ሊሰጥ የሚገባው ነው። እርስዎ ከ9 ዓመት በኋላ እንዲህ ባሉ ጥያቄዎች ተከበው ብቻዎን መቆየት አልነበረብዎትም። አብሮም አእምሮዎ እንደዛሬው የጠራ ሳለ፣ ወደፊት መናገር ቢያቅትዎ ስለ ሕክምናዎ የሚወስንልዎ ማን እንደሆነ፣ በቱቦ ስለ መመገብና ስለ መሰል ሕክምናዎች ምን እንደሚፈልጉ ለቤተሰብና ለሐኪም ተናግረው በጽሑፍ ያስቀምጡ።

ሁሉም ይመለሳል አልልዎትም። ሕመሙ እየገፋ ይሄዳል፤ የሚጠፋውን ማዘንም ተገቢ ነው፤ የትኛውም ማንኪያ የቀድሞውን እጅ አይመልስም። ምክሬ ግን የማያወላዳ ነው፦ ከነገ ጀምረው ውሃ ይጠጡ፣ የሽንቱን መዝገብ ይጀምሩ፣ በዚህ ሳምንት ልጅዎን ስለ ገላ መታጠቡ ያነጋግሩ፤ ሐኪሙን ስለ ሽንቱ፣ ስለ ድባቴውና ስለ መድኃኒቱ ሰዓት በአንድ ቀጠሮ ይጠይቁት። ከማዕድም አይለዩ፤ መጀመሪያ ሁሉን ከሚያውቅ አንድ ሰው ጋር ይብሉ፣ ከዚያ ቁጥሩን ይጨምሩ።

በዚህ መካከል በተስፋ መቁረጥም ሆነ «እስኪ ያለሱ ልሞክር» በማለት የፓርኪንሰን መድኃኒትዎን በድንገት እንዳያቋርጡ። ሌቮዶፓን በድንገት ማቆም ከፍተኛ ትኩሳት፣ የጡንቻ መገተርና የንቃተ ህሊና መታወክ ያለበት ለሕይወት የሚያሰጋ ሁኔታ ሊያስከትል ይችላል። ለማቅለሽለሽ ሜቶክሎፕራማይድ የተባለው መድኃኒት ቢታዘዝልዎም ፓርኪንሰንን ስለሚያባብስ ሌላ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ በዚያች አንድ ገጽ ላይም ይህን በጉልህ ያስጽፉት።